ልዩ ውክልና ለሊኑክስ ተጠቃሚ



ዛሬ የምናወራለት ፕሮግራም ራሱ ዲስኩረኛ ነው። በብዙ ሊኑክሶች ላይ አንድ ተጠቃሚ ትእዛዝን በሌላ ሰው ሥልጣን የሚያስኬደውን ሱዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራው፣ የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት አጭር ተግሣጽ ያሰማዋል፦ የሰውን ገመና አክብር፣ ከመጻፍህ በፊት አስብ፣ ሥልጣን ሲበዛ ኃላፊነትም ይበዛል። ይህን አንዴ ብሎ ለዚያ ሰው ዳግመኛ አይናገርም። ምክሩ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን የሚመከረው ሰው ሁሉ ነገር በእጁ ገብቷል ብሎ የሚነሣ ምክር ነው። በእኛም ቢሮዎች የተለመደው እንዲሁ ነው፤ ሥልጣኑን በሙሉ አስረክቦ «አደራ ተጠንቀቅ» ማለት። እኔ የመጣሁት አደራውን ትተን ሥልጣኑን እንድንቀንስ ልከራከር ነው። ከዚያም አልፌ፣ «ቀንሰናል» ብለን የምንጽፈው የፈቃድ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንዳልቀነሰ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሊኑክስ የተጠቃሚ ሥርዓቱን የወረሰው ከዩኒክስ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ የጀመሩት ዩኒክስ ሰውን የሚያውቀው በሁለት ወገን ነበር። በአንዱ ወገን ቁጥሩ 0 የሆነው ሩት አለ፣ በሌላው ወገን የቀረው ሕዝብ። ስሙ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ከርነሉ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ አንድን መለያ የፈለጋችሁትን ስም ብትሰጡት ቁጥሩ 0 ከሆነ ሩት ነው። ለሩት ደግሞ የፋይል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማጥፋት፣ የሌላውን ሰው ሥራ መግደል፣ ዲስኩን ማጽዳት ሁሉ ክፍት ነው።

ታዲያ ተራው ተጠቃሚ የራሱን የይለፍ ቃል እንዴት ይቀይራል? የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበትን ፋይል መጻፍ የሚችለው ሩት ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያመጣው ሪቺ ነው። አንድ ፕሮግራም ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ያን ፕሮግራም ማንም ይጥራው ማን፣ የሚሠራው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን ይሆናል። ሴትዩአይዲ የምንለው ይህ ነው፤ ሪቺ በ1979 የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የይለፍ ቃል መቀየሪያው በሩት ሥልጣን ይሠራል፣ ግን የሚለውጥላችሁ የራሳችሁን ቃል ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ድንበሩን ያሰመረው ከርነሉ አይደለም፤ ድንበሩን ያሰመረው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ ጥንቁቅ ከሆነ ተጠቃሚው ከድንበሩ አያልፍም። ፕሮግራሙ ልበ ሰፊ ከሆነ ግን ሩትነትን ለመንገደኛ ያድላል። ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

በ1975 ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ስለ ኮምፒውተር መረጃ ጥበቃ በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሥራውን ለመጨረስ በሚበቃው በትንሹ ሥልጣን ይሥራ የሚል መርሕ አስቀመጡ። በ1980 ገደማ ደግሞ ቦብ ኮግሾልና ክሊፍ ስፔንሰር የተባሉ ሰዎች በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቡፋሎ ቅጥር ግቢ፣ በአንድ ቫክስ ኮምፒውተር ላይ ሱዶን ጻፉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን ፕሮግራም ተሸክሞ የዘለቀው ቶድ ሚለር ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።  

ሱዶ የመጣው የሩትን የይለፍ ቃል መጋራት የሚያመጣውን ጣጣ ለማስቀረት ነው። ጣጣውን ታውቁታላችሁ። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከኪቦርድ ሥር ይለጠፋል። አራት ሰው ያውቀዋል፤ ከአራቱ አንዱ ሥራ ይለቃል፤ ቃሉ አይቀየርም፣ ምክንያቱም የት የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ዳታቤዝ ይጠፋል። መዝገቡ ሲገለጥ «ሩት አጠፋው» ይላል። ሩት ማን ነው? አራቱም ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አይደለም። በሱዶ ግን ተጠቃሚው የሚያስገባው የራሱን የይለፍ ቃል ነው፣ መዝገቡም ላይ የሚቀረው የራሱ ስም ነው። ኡቡንቱ ከመጀመሪያው እትሙ ከ2004 ጀምሮ የሩትን መግቢያ ቆልፎ ይህን መንገድ ልማድ አደረገው።

እኛ ግን ከሱዶ የወሰድነው ግማሹን ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሱዶ» የሚባል ቡድን አለ፤ ሬድሃትና ፌዶራ ላይ «ዊል» ይባላል። ሰው መጣ፣ ሥራ አለው፣ ቡድኑ ውስጥ አስገባው፣ አለቀ። ይህ ሰው አሁን ሁሉን ይችላል። የሩትን ቃል ከመንገር የተሻለው መዝገብ ላይ ስሙ መቅረቱ ብቻ ነው።

ከሕጉ ዓለም አንድ ንጽጽር ላምጣ፤ ሁላችሁም ውልና ማስረጃ ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ቤቱን እንዲሸጥለት ወንድሙን ሊወክል ሲሄድ «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ይዞ ቢመለስ አይሆንለትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ እንጂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አያበቃም ይላል፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ጉዳዩም ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሕጉ ያላደረገውን ተመልከቱ። «ሁሉን ያድርግ፣ ከመሸጥ በቀር» አላለም። የተጻፈውን ያድርግ፣ ያልተጻፈውን አያድርግ አለ። ሱዶ ለማን ምን እንደሚፈቅድ የሚያነብበትን የፈቃድ ፋይል በዚህ ዓይን የሚጽፍ የሲስተም ሠራተኛ ብዙም አላየሁም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንበልና አንድ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍቱን ካታሎግ ኮሃ በሚባል ፕሮግራም፣ በዴቢያን ሰርቨር ላይ ያሠራል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሲስተም ባለሙያ አይደለችም፣ ግን ብልህ ናት። ቅዳሜ ካታሎጉ ሲቆም ማንም የለም። ሦስት ነገር ትፈልጋለች፤ ዌብ ሰርቨሩን አቁሞ ማስነሣት፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ከሎጉ ማንበብ፣ በየማታው የዳታቤዙን ቅጂ ማስቀመጥ። የተለመደው መልስ ሱዶ ቡድን ውስጥ ማስገባት ነው። እኛ አንድ በአንድ እንሂድ።

ሎግ ማንበብ ሱዶ ጨርሶ አያስፈልገውም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ኤድም» የሚባለው ቡድን አብዛኛውን የሲስተም ሎግ ያነባል፤ እዚያ ማስገባት ይበቃል። ይህ ቡድን ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውንም ሎግ እንደሚያነብ ግን ልብ በሉ። ያን ማየት የማይገባት ከሆነ የካታሎጉን ሎግ ብቻ ለእሷ በፋይል ፈቃድ መክፈት ይቻላል። ፕሪንተር ማስተዳደርም እንዲሁ የራሱ ቡድን አለው። ብዙ ሰዎች «ሱዶ ስጠኝ» የሚሉት አንድ ፎልደር መጻፍ ስላቃታቸው ነው፤ የዚህ መድኃኒት የፎልደሩ ባለቤትነትና የቡድን ፈቃድ ነው። ከ1024 በታች ባለ ፖርት ላይ ፕሮግራም ማስኬድ ያቃተውም ሰው ሩት መሆን የለበትም፤ ሊኑክስ ከ1999 ወዲህ የሩትን ሥልጣን «ኬፓቢሊቲ» በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎታል፣ ከነዚህ አንዱ ይህንኑ ብቻ ይፈቅዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራችሁ «ይህ ጉዳይ በእርግጥ ሩት ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቡድን ሁሉ ግን ገር አይደለም። ዶከር የሚባለው ቡድን ውስጥ ያስገባችሁት ሰው፣ የሰርቨሩን ዲስክ በሙሉ ኮንቴይነር ውስጥ ከፍቶ እንደ ሩት ሊጽፍበት ይችላል፤ የዶከር ሰነድ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። ሱዶን ለከለከላችሁት ወጣት ፕሮግራመር ዶከርን ከሰጣችሁት የከለከላችሁት ነገር የለም፤ እንዲያውም ብሷል፣ ምክንያቱም የሱዶ መዝገብ እንኳ አይቀርለትም።

ወደ ቅጂው እንምጣ። በየማታው የሚሠራ ሥራ ሰው አይፈልግም፤ ሲስተሙ ራሱ በሰዓቱ ይሥራው። እሷ በእጇ ማስነሣት አለባት ከተባለም፣ በሩት ስም ማስነሣት የለባትም። የሱዶ የፈቃድ ፋይል አንድ መስመር አራት ነገር ይናገራል፤ ማን፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ በማን ስም፣ የትኛውን ትእዛዝ። ሰዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በጥንቃቄ ይሞላሉ፣ «በማን ስም» የሚለውን ግን ዝም ብለው ሩት ይሉታል። ሱዶ ወደማንኛውም ተጠቃሚ ስም ሊያሻግር ይችላል። የዳታቤዙ ቅጂ የሚያስፈልገው ዳታቤዙን ማንበብ የሚችል፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተፈጠረ አንድ ተጠቃሚ ነው። በዚያ ስም ያሠራችሁት ስክሪፕት ቢሳሳት እንኳ የሚያጠፋው የራሱን ፎልደር ነው።

የቀረው ዌብ ሰርቨሩን አፓቼን ማስነሣት ነው፤ ይህ በእርግጥ ሩት ይፈልጋል። እዚህ አንድ መስመር እንጽፍላታለን፤ ስሟን፣ ማሽኑን፣ ሩትን፣ ከዚያም አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረውን የሲስተምሲቲኤልን ሙሉ አድራሻ ከሥሩ ጀምሮ፣ ቀጥሎ «ሪስታርት»፣ ቀጥሎ የአፓቼን ስም። ከዚህ አንድ ቃል እንኳ አይጎድልም። የትእዛዙን ስም ብቻ ጽፋችሁ ብትተዉት ሱዶ «ከኋላው ያሻህን ጨምር» ማለታችሁ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያኔ ሰርቨሩን ማጥፋትም የራሷን አገልግሎት ማስነሣትም ትችላለች።

መስመሩን የምትጽፉት በቪሱዶ ነው። ፋይሉን ሌላ ሰው እኩል እንዳይነካው ይቆልፈዋል፣ ከመቀመጡ በፊትም የአጻጻፍ ስሕተት ካለ ይነግራችኋል። በቆዩት እትሞች ላይ አንድ ኮማ ያለቦታዋ ብትወድቅ ሱዶ ለማንም አልሠራም ይል ነበር፤ የሩት መግቢያ የተቆለፈበት ሰርቨር ላይ ይህ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ማሽን እስከ መክፈት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ተርሚናል በሩት ከፍታችሁ ተዉት፣ አዲሱ ደንብ መሥራቱን ሳታዩ አትዝጉት። ለየሥራው የተለየ ፋይል በሱዶርስ-ዲ ፎልደር ውስጥ ብታስቀምጡ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን በፋይሉ ስም ውስጥ ነጥብ ካለ ሱዶ አያነበውም። ምንም ስሕተት ሳይነግራችሁ ዘልሎት ያልፋል፤ እናንተም ግማሽ ቀን ትለፋላችሁ። ሁለት መስመሮች ሲጋጩ ደግሞ የሚጸናው ኋላ የተጻፈው ነው።

እስካሁን ያልኩት ማንኛውም መመሪያ ላይ ይገኛል። አሁን ወደ ተነሣሁበት፣ ምንም ወደማይቀንሰው መስመር ልምጣ።

ኃላፊዋ የአፓቼን ማስተካከያ ፋይል ማረም አለባት እንበል፤ ኤዲተሩ «ቪም» በሩት ስም ይፈቀድላት ተብሎ ያቺ ፋይል ብቻ ተጠቅሳ ተጻፈ። ጠባብ ይመስላል። ቪም ውስጥ ሆኖ ግን ሌላ ፋይል መክፈት ይቻላል፤ ከዚያም በላይ ከቪም ሳይወጡ ሼል መጥራት ይቻላል። ያ ሼል የሩት ሼል ነው። ረዥም ጽሑፍ በገጽ በገጽ የሚያሳየው «ሌስ»ም እንዲሁ ያደርጋል። «ፋይንድ» ያገኘውን ፋይል ለሌላ ፕሮግራም ይሰጣል፤ «ታር» በመሐል ትእዛዝ ያስኬዳል። እነዚህ የፕሮግራሞቹ ስሕተቶች አይደሉም፤ ለባለሙያ ምቾት ተብለው የተሠሩ ናቸው። ጂቲኤፍኦ-ቢንስ የሚባል የሕዝብ ዝርዝር አለ፤ የትኛው የተለመደ ፕሮግራም በሱዶ ቢፈቀድ በምን መንገድ ወደ ሩት ሼል እንደሚያደርስ በፊደል ተራ ያሰፍራል። ሰርጎ ገቦች ያነቡታል። አስተዳዳሪዎች ግን እምብዛም ሲያነቡት አይታዩም፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

«የአገልግሎት ሁኔታ ማየት ብቻ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ሲስተምሲቲኤል ሁኔታን ሲያሳይ ጽሑፉ ከረዘመ በሌስ በኩል ያወጣዋል። ስለዚህ በሱዶ «ስታተስ» ብቻ የተፈቀደለት ሰው፣ የተርሚናሉን መስኮት አጥብቦ ሌስን እያስነሣ ሩት መሆን ይችል ነበር። ሲስተምሲቲኤል የሚመጣበት ሲስተምዲ ከ247ኛው እትም ወዲህ ይህን ዘጋው፤ አሮጌ ሰርቨር ላላችሁ ግን ዛሬም ክፍት ሊሆን ይችላል። «ማየት» የሚል መስመር ጽፎ ሁሉን መስጠት ማለት ይህ ነው።

ፋይል ለማረም የተሠራው ሱዶኤዲት ነው። የፋይሉን ቅጂ አውጥቶ፣ ኤዲተሩን በተጠቃሚው በራሱ ሥልጣን ያስከፍታል፣ ሲጨርስ ቅጂውን በሩት ይመልሳል። ከኤዲተሩ ውስጥ ሼል ቢጠራ የሚያገኘው የራሱን ሼል ነው። ግን እዚህም አንድ እርምጃ አልፋችሁ አስቡ፤ ፋይሉ ራሱ ምን ይችላል? አፓቼ ሲነሣ በሩት ነው የሚጀምረው፣ በማስተካከያ ፋይሉ የተጠቀሰለትን ሞጁልም በዚያው ሥልጣን ይጭናል። እንግዲህ የአፓቼን ዋና ፋይል የሚያርም፣ አፓቼንም ማስነሣት የሚችል ሰው፣ ከፈለገ ሩት ነው። ለኃላፊዋ ይህን ፋይል አንሰጣትም፤ ቅዳሜ ካታሎግ ለማስነሣት አያስፈልጋትምና።

የኮከብ ምልክትም ወጥመድ ናት። አንድ ሰው በሎግ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ «ካት» እንዲያነብ ብላችሁ የፎልደሩን ስም ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ ኮከብ ታደርጋላችሁ። በትእዛዙ ተከታይ ቃላት ውስጥ ኮከቧ ክፍተትንም፣ ሌላ አድራሻንም ትውጣለች። ተጠቃሚው አንድ ሎግ ጠቅሶ፣ ክፍተት ትቶ፣ የይለፍ ቃሎች የተመሰጠሩበትን ፋይል ቢጨምር ሱዶ «ተፈቅዷል» ይላል። የሱዶ መመሪያ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ከ2022 ወዲህ ያሉት እትሞችም ጠበቅ ያለ የቅርጽ አጻጻፍ ስልት አምጥተዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮከብ አለመጠቀም ነው።

ጥቅል ይጫን ዘንድ «አፕት»ን የምትፈቅዱም አላችሁ። አንድ ጥቅል ሲጫን በውስጡ ያለው ስክሪፕት በሩት ይሠራል። ተጠቃሚው ቤቱ የሠራውን ጥቅል ይዞ ቢመጣ ማን ይከለክለዋል? የደኅንነት ማሻሻያ ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ሲስተሙ ራሱ በየዕለቱ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል፣ ለማንም ሥልጣን መስጠት አያሻም።

ከዚያ ደግሞ ብልህ የሚመስለው አጻጻፍ አለ፤ «ሁሉ ይፈቀድለት፣ ሼል ሲቀር፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሲቀር»። በቃለ አጋኖ ምልክት የሚጻፈው ማግለያ ማለቴ ነው። ይህ አይሠራም። ሰውየው ሼሉን ገልብጦ በሌላ ስም ቢጠራው ሱዶ አያውቀውም፤ አዲሱን ስም በሩት ያስኬድለታል። ማግለያ የሚከለክለው ሳያውቅ የሚሳሳተውን ሰው ብቻ ነው። ሕግ አውጪው ለምን ልዩ ውክልናን በአዎንታ እንዲጻፍ እንዳደረገ እዚህ ላይ ይገባችኋል።

በጥቅምት 2019 ደግሞ ማግለያ ራሱ በሱዶ እጅ ተሰበረ። ደንቡ «በማንኛውም ተጠቃሚ ስም ያስኪድ፣ ከሩት ስም በቀር» ይላል። የአፕል ባለሙያ የሆነው ጆ ቬኒክስ፣ ተጠቃሚው በስም ፋንታ «የቁጥር -1 ተጠቃሚ ልሁን» ቢል ምን እንደሚሆን አገኘ። ለከርነሉ -1 ማለት «አትቀይር፣ እንዳለ ይቆይ» ነው። ሱዶ ደግሞ በዚያች ቅጽበት እንዳለ ሩት ነው። ሩትን ብቻ የከለከለው ደንብ ሩትን ሰጠ። በ1.8.28 እትም ተስተካከለ። በአዎንታ የጻፈ ሰው ያን ቀን ያጣው እንቅልፍ የለም።

ስክሪፕት ጽፋችሁ ስክሪፕቱን ብቻ የምትፈቅዱ፣ መንገዳችሁ ጥሩ ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን አርአያ መከተላችሁ ነው። ግን ስክሪፕቱም፣ የተቀመጠበት ፎልደርም የሩት ንብረት ይሁኑ። ስክሪፕቱ በተጠቃሚዋ የግል ፎልደር ውስጥ ከሆነ ዛሬ የጻፋችሁትን ነገ በሌላ ልትተካው ትችላለች፤ ደንቡ ስሙን እንጂ ይዘቱን አያይም።

ስለ ይለፍ ቃል አጭር ነገር። የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፣ ለማሽን ሥራ አንዳንዴ ግድ ነው። ለሰው ግን አልመክርም፤ ኃላፊዋ ኮምፒውተሯን ክፍት ትታ ቡና ልትጠጣ ስትወጣ በቦታዋ በተቀመጠው ሰው ላይ የቀረው አንድ በር እሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሱዶ አንዴ ቃሉን ከተቀበለ 15 ደቂቃ ድረስ ዳግም አይጠይቅም። ይህን ማሳጠር፣ ወደ 0ም ማውረድ ይቻላል።

የሱዶ መዝገብ ማን፣ ከየትኛው ተርሚናል፣ በየትኛው ፎልደር ሆኖ፣ በማን ስም፣ ምን እንዳዘዘ ይጽፋል፤ ተከልክሎ የተመለሰውንም ይጽፋል። ነገር ግን በሱዶ ሼል የከፈተ ሰው «ሼል ከፈተ» ብቻ ይባልለታል፣ ከዚያ በኋላ የሠራው በመደበኛው አሠራር አይታይም። ሩት የሆነ ሰውም እዚያው ማሽን ላይ ያለውን መዝገብ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይሂድ፣ በየሳምንቱም ሰው ያንብበው። ካልሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሱዶ ራሱስ ይታመናል? በጥር 2021 ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ፣ ከ2011 ጀምሮ በሱዶ ውስጥ የተደበቀ ቀዳዳ ይፋ አደረገ፤ በፈቃድ ፋይሉ ላይ ስሙ የሌለ ተራ ተጠቃሚ እንኳ ሩት ይሆን ነበር። በዓመቱ ፖልኪት በሚባል ሌላ ሥልጣን ሰጪ ፕሮግራም ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ሌላ አወጡ። በ2025 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሱዶ የሥር ፎልደርን የሚቀይርበት አማራጭ ለማንም ሩት የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙ በዓመታት ብዛት ገዝፏል። ኦፕንቢኤስዲ በ2015 ሱዶን በትንሹ «ዱአስ» የተካው ለዚህ ነው፤ ኡቡንቱም በ25.10 እትሙ በረስት ቋንቋ እንደገና የተጻፈውን ሱዶ መደበኛ አድርጓል። ለእናንተ የሚተርፈው ግን አንድ ሥራ ነው፤ ማሻሻያ ሳትዘገዩ ጫኑ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልናገር፤ እሱም ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። እኛ ዘንድ ሥልጣን መከልከል እንደ ስድብ ይቆጠራል። «አታምነኝም ማለት ነው?» ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩን አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም፣ ግን ሥራ አስኪያጅ ስለሆኑ ሙሉ መብት ይገባኛል ይላሉ፤ ወጣቱ ቴክኒሺያንም «ጋሼ፣ ለእርስዎ አያስፈልግም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ሩትነት በሥራ ዓይነት መሰጠቱ ቀርቶ በወንበር ከፍታ ይሰጣል። የአለቃው ኮምፒውተር ደግሞ በየኢሜይሉ የተላከውን ሁሉ የሚከፍት ኮምፒውተር ነው።

እንዲህ ለሚሉ አለቆች ይህን ንገሯቸው። ጠባብ መብት የሚጠብቀው ባለ መብቱን ጭምር ነው። ዳታ ሲጠፋ፣ ሙሉ ሥልጣን የነበረው ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ ንጹሕነቱን ማስረዳት የእሱ ዕዳ ይሆናል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን አፓቼን ከማስነሣት ሌላ በሩት ሥልጣን የምትችለው ነገር እንደሌለ በአንድ መስመር ተጽፎላታል። መርማሪ ቢመጣ ያን መስመር ታሳያለች፣ ወደ ሥራዋም ትመለሳለች። እኔ ብሆን ይህን መብት ለምኜ እወስደው ነበር።

እና አንድ ልመና አለኝ። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ሰርቨሮቻችሁ ላይ የሱዶና የዊል ቡድን አባላትን ስም አውጡ፣ የዶከርንም አትርሱ። ሥራ የለቀቀ ሰው ካገኛችሁ ሳትቀመጡ ሰርዙት። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ሱዶ የፈቀደላቸውን ዝርዝር አስወጡና ከየመስመሩ ጎን «ለየትኛው ሥራ?» ብላችሁ ጻፉ፤ መልስ ያጣችሁለትን መስመር አንሡት። የሚጮህ ሰው ካለ ሥራው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ በትክክል ትሰማላችሁ፣ ለዚያችው ሥራ ብቻም አዲስ መስመር ትጽፉለታላችሁ።